ባልና ሚስት ሲሰጡ፦ የባሕር ዳርና የጣና ዳር የምስጋና ወግ

ባሕር ዳር ውስጥ ለትምህርት ወይም ለሰፈር ልማት ጠቀም ያለ ነገር የሰጠ ሰው ዝም ብሎ አይሸኝም። አዳራሽ ይያዛል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ የሰጪዎቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ካባ ይደረብላቸዋል፣ ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ምሳ። ንግግሩ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ሰው ግን እስከ ምሳ ይታገሳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ላይ፣ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ገጽ አካባቢ፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ይገኛል። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም በክርስትና ስማቸው፣ እሱ ገብረ እገሌ እሷ ወለተ እገሌ ተብለው ይጻፋሉ፣ አንዳንዴም የልጆቻቸውና የወላጆቻቸው ስም ይከተላል፤ ዓላማው አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው ነው። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ያም ሆኖ የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቀው የራሳቸውን የጻፉ ሰዎች ሞልተዋል። ከደቅ ደሴት አጠገብ ባለው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ግድግዳው ላይ ተስለዋል፦ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ መሬት ላይ ተደፍተው። ያኔ ሰጪ ይህን ያህል ቦታ ብቻ ነበር የሚወስደው። ዛሬ ባነሩ ላይ የሰጪው ፎቶ ከትምህርት ቤቱ ይበልጣል።

የከተማዋ ከፍተኛ ትምህርትም ቢሆን በስጦታና በትብብር የተጀመረ ነው። ፖሊ የሚባለው የቴክኒክ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተከፈተ። ፔዳ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ዓመታት ቆይቶ፣ መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ባደረገው ስምምነት መጣ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። መቀመጫውን እዚያው ከተማ ያደረገው የአማራ ልማት ማኅበር፣ ማለትም አልማ፣ በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ የአባላትን መዋጮ እየሰበሰበ ትምህርት ቤት ያሠራል። ከዚህ ውጪ በየሰፈሩ ዕድሩና የተወላጆች ማኅበሩ አለ፣ ውጭ አገር ያለውም ዘመድ በበኩሉ ይልካል።

ባልና ሚስት ኮሌጅ ሲረዱ በተግባር ምን ይሰጣሉ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ነው የሚማረው፤ ለማደሪያው፣ ለምግቡና ለትምህርቱ ወጪ ከፊል ውል ይፈርማል፣ ክፍያው ከተመረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከገጠር የመጣን ልጅ ቶሎ የሚያስጨንቀው የትምህርት ክፍያ አይደለም። የትራንስፖርት፣ የፎቶኮፒ፣ የሳሙና፣ ለሴቶቹም የንጽሕና መጠበቂያ ነው። በየወሩ የምትላክ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ልጅ ትምህርት እንዳያቋርጥ ታደርጋለች። ይህ ዓይነቱ እርዳታ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ስላልሆነ መድረክ ላይ ብዙም አይነሳም።

ዕቃ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተር ወይም የላቦራቶሪ መሣሪያ ሲመጣ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ቆርጦ ይረከባል፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ንብረት ነው። ሰጪዎቹ ይህንን አስቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም «ለእገሌ ትምህርት ክፍል ብለን የሰጠነው የት ገባ?» የሚል ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል። ከውጭ በካርቶን ስለሚላኩ አሮጌ መጻሕፍት ግን እውነቱን እንናገር፦ ሥርዓተ ትምህርቱን የማይከተል መጽሐፍ መደርደሪያ ከማጣበብ በቀር ብዙ አይጠቅምም። ቀድሞ ስልክ ደውሎ ምን እንደጎደለ መጠየቅ ምን ከባድ ነገር አለው?

የምስጋናው ፕሮግራም አንድ የቆየ ችግር አለበት። ወረቀቱ ላይ «ለአቶ እገሌና ለባለቤታቸው» ተብሎ ይጻፋል። ሴትየዋ ገንዘቡን እኩል አዋጥታ፣ ምናልባትም የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዛ በየወሩ የምትልከው እሷ ሆና፣ ስሟ ሳይጠራ ካባ ለብሳ ትወርዳለች። ብራናው ላይ ወለተ እገሌን ከባሏ ጎን የጻፈው ጸሐፊ ከዛሬው መድረክ መሪ ይሻላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ስም፣ ሁለት የምስክር ወረቀት፣ ማይኩም ለሁለቱም።

ጨርሶ መድረክ የማይፈልጉም አሉ። «ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ይዘው፣ ስማችን ከተነሳ ይቅርብን ይላሉ። አዘጋጆቹ በዚህ ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሌላ ሰጪ መጥሪያም ነው። እንደዚህ ያሉትን ባልና ሚስት፣ እነሱ የሚረዷቸው ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄደው ቢያመሰግኗቸው ይበቃል፤ «እጥፍ ድርብ አድርጎ ይተካላችሁ» ይባላል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ወደ ውጤትና ወደ ምደባ ይዞራል።