«ቦትልድ ኢን ቦንድ» ምንድን ነው?

በአሜሪካ የመጠጥ መደብሮች ውድ ቦርቦን፣ ማለትም በዋናነት ከበቆሎ የሚሠራው የአሜሪካ ውስኪ፣ ብዙውን ጊዜ ዓይን በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ርካሹ ጎንበስ ብሎ ለሚፈልግ ሰው ከታች ይደረደራል። ከእነዚህ የታችኛው መደርደሪያ ጠርሙሶች በአንዳንዶቹ ላይ «ቦትልድ ኢን ቦንድ»፣ ቃል በቃል «በቦንድ የታሸገ»፣ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሲያዩት ገበያ ለመሳብ የተጻፈ ማሳመሪያ ይመስላል። ነገር ግን «ልዩ» ወይም «ጥንታዊ» እንደሚሉት ቃላት ማንም እንደፈለገ የሚለጥፈው አይደለም፤ በሕግ የተደነገገ ትርጉም አለው። በጥቂት ገንዘብ ዕድሜ ያለው ውስኪ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ሐረግ የበለጠ የሚጠቅም ጽሑፍ በጠርሙስ ላይ አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

«ቦንድ» የሚለውን ቃል በጉምሩክ ሥራ የተሰማሩ አንባቢዎች በደንብ ያውቁታል። ቦንድድ መጋዘን ማለት ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የሚቆይበት መጋዘን ነው። ውስኪም በበርሜል ሆኖ ዓመታትን በሚያስቆጥርበት ጊዜ በእንዲህ ዓይነት መጋዘን ይቀመጥ ነበር፤ ለረጅም ዘመን የመጋዘኑ በር ያለ መንግሥት ተቆጣጣሪ አይከፈትም ነበር።

ሕጉ የወጣው ማጭበርበር ስለበዛ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንዳንድ ነጋዴዎች በርሜል ያላየ ጥሬ አልኮል ገዝተው በፕሪም ጭማቂ፣ በትምባሆ፣ አልፎ አልፎም በአዮዲን ቀለም እየሰጡ «የቆየ ውስኪ» ብለው ይሸጡ ነበር። በዚህ የተማረሩት የኬንታኪው ውስኪ አምራች ኮሎኔል ኤድመንድ ሄይንስ ቴይለር፣ በጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ከነበሩትና እርሳቸውም የኬንታኪ ሰው ከሆኑት ከጆን ካርላይል ጋር ሆነው ሕጉ እንዲወጣ ታገሉ፤ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድም መጋቢት 3 ቀን 1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረሙበት። አሜሪካ አጠቃላይ የምግብና የመድኃኒት ንጽሕና ሕግ ያወጣችው በ1906 በመሆኑ፣ የውስኪው ሕግ በ9 ዓመት ይቀድማል።

ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ውስኪው በአንድ ማንጠሪያ፣ በአንድ የምርት ወቅት፣ ማለትም ከጥር እስከ ሰኔ ወይም ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባለው ግማሽ ዓመት ውስጥ የተነጠረ፣ ቢያንስ 4 ዓመት በመንግሥት በሚታወቅ መጋዘን የቆየ፣ ሲታሸግም የአልኮል መጠኑ 50 በመቶ፣ በአሜሪካኖቹ አነጋገር 100 ፕሩፍ መሆን አለበት። የተነጠረበትም ቦታ በጠርሙሱ ላይ መገለጽ ይኖርበታል። እንግዲህ ገዢው የመጠጡን ዕድሜ፣ ጥንካሬና የትውልድ ቦታ ቡሹን ሳይነቅል ያውቃል ማለት ነው። የማያውቀው ጣዕሙን ነው። ሕጉ ስለ እውነተኛነቱ እንጂ ስለ ጣፋጭነቱ ዋስ አይሆንም፤ ይህን ልዩነት የሚዘነጉ ሰዎች ሐረጉን የደረጃ ምስክር ወረቀት አድርገው ይወስዱታል።

4 ዓመት ጥቂት መስሎ ሊታይ ይችላል። 12 ዓመት የቆየ የስኮትላንድ ውስኪ የለመደ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ማነጻጸሪያው ግን ትክክል አይደለም። የስኮትላንዱ ውስኪ በአብዛኛው ሌላ መጠጥ ይዞ በቆየ አሮጌ በርሜል ሲቀመጥ፣ ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ከሆነ እህል ተነጥሮ የሚገባው አዲስ በሆነና ውስጡ በእሳት በከሰለ የኦክ በርሜል ነው። ከማንጠሪያው ሲወጣ እንደ ካቲካላ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙን ሁሉ የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው። በኬንታኪ የበጋ ሙቀት መጠጡ ይሰፋና ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ በክረምት ቅዝቃዜ ተሰብስቦ ይመለሳል፤ በዚህ ምልልስ የቫኒላውን፣ የካራሜሉንና የቅርንፉዱን መዓዛ እየያዘ ይወጣል። ከበርሜሉም በየዓመቱ የተወሰነው ይተናል። አዲስ እንጨት ብርቱ ስለሆነ ቦርቦን ከመጠን በላይ ሲቆይ ብዙ እንደፈላ ሻይ አፍ የሚያደርቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሁልጊዜ ብልጫ አይደለም።

ጣዕሙን ለመመዘን እኔ ብዙ ጊዜ የምመለስበት በባርድስታውን፣ ኬንታኪ የሚገኘው የሄቨን ሂል ኩባንያ የሚያወጣው፣ «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦርቦን፣ ባለ ነጭ መለያው ኢቫን ዊሊያምስ ነው። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ትንሽ ቀድቼ አሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጠዋለሁ፤ ወዲያው የተቀዳ 50 በመቶ መጠጥ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታልና። ሳሸተው አፌን ከፈት አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ማቃጠሉ ይቀንስና ቫኒላው፣ የተቃጠለ ስኳሩና የበቆሎው ጣፋጭነት ይለያሉ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ለፍርድ አልቆጥረውም፤ ምላስን ማለማመጃ ብቻ ነው። ሁለተኛውን እንደ ምግብ እያላመጥኩ በአፌ ውስጥ አዞረዋለሁ። ይህን ልማድ ያስታወቁት የጂም ቢም ውስኪ ፋብሪካ አንጣሪ የነበሩት ቡከር ኖ ናቸው፤ በስማቸው ባይጠራም «የኬንታኪ ማላመጥ» ይባላል። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሬ እደግማለሁ። በዚህ ውስኪ ላይ ውኃው በርበሬ መሰሉን ግለት ያለዝብና ከሥሩ ያለውን እንጨት ያወጣዋል።

የምፈልገው ጉድለት የተወሰነ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ስለታም ሽታ ካለ መጠጡ ገና አልበሰለም። ጣፋጭነቱ ከምላስ ጫፍ ሳያልፍ ቢጠፋና ከተዋጠ በኋላ ማቃጠሉ ብቻ ቢቀር በርሜሉ ሥራውን አልጨረሰም እላለሁ። ነጭ መለያው ከእነዚህ ፈተናዎች ያልፋል፤ ሆኖም እንጨቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይደርቃል፤ የ10 ዓመት ቦርቦን የሚሰጠው ጥልቀትም የለውም። በዋጋው ይህን መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ስለ ዋጋ ካነሣን አይቀር አንድ ስሌት ልጨምር። 750 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ 50 በመቶ ጠርሙስ ውስጥ 375 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ በባለ 40 በመቶው ያለው 300 ነው። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ቢቀርቡ፣ የመጀመሪያውን ገዝቶ ወደ 187 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ቢጨምሩበት ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ውኃውን ፋብሪካው ሳይሆን ጠጪው መመጠኑ ነው።

የመጨረሻውን ፈተና በማግስቱ ነው የማደርገው። ሳይታጠብ ያደረውን ባዶ ብርጭቆ አነሣና አሸታለሁ። አልኮሉ ስለተነነ የሚቀረው በርሜሉ ብቻ ነው። ጥሬ ውስኪ የእርጥብ ወረቀት ሽታ ትቶ ያድራል። ከነጭ መለያው ብርጭቆ ግን ጠዋት የሚመጣው የማር ሰፈፍና የከሰል መዓዛ ነው።