ኖርማል ምንድን ነው? በስሪዲ ዛፍ ላይ በረዶ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው አቅጣጫ

በስሪዲ (በኮምፒውተር በሚሠራ ባለሦስት አውታር ሞዴል) በረዷማ ዛፍ ልሥራ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ግንዱንም ቅርንጫፉንም ነጭ ያደርገዋል። ያኔ ዛፉ ቀለም የተቀባ እንጂ በረዶ የወረደበት አይመስልም። በረዶ የሚወርደው ከላይ ነው፤ የሚቆየውም ወደ ሰማይ በዞረው ጎን ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የትኛው ጎን ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው በኖርማል ነው።

ኖርማል ከሞዴሉ ገጽ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ቀስት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ አለው። የስሪዲ መሥሪያ ሶፍትዌር በሆነው በብሌንደር ወደ ላይ የሚሄደው ዘንግ ዜድ ስለሆነ የምንፈልገው የቀስቱን የዜድ ቁጥር ነው። 1 ከሆነ ገጹ ቀጥታ ሰማይ ያያል፤ 0 ከሆነ ወደ ጎን፣ -1 ከሆነ ወደ መሬት። በረዶ የሚይዝበትን ዝቅተኛ የዜድ ገደብ 0.5 ላይ ብታደርጉት ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ቦታ በረዶ አይዝም።

ድሬዳዋ ላለን ሰዎች ይህን ለማየት በረዶ አያስፈልገንም። በበጋ መንገድ ዳር አቧራ የለበሰ ቅጠል ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ላዩ ግራጫ ነው፣ ሆዱ አረንጓዴ። ሌላ ቅጠል ከላይ የጋረደውን ደግሞ እዩት፤ አቧራው ሳሳ ያለ ነው። ኖርማል ግን ይህን መጋረድ አያውቅም። ስለዚህ አምቢየንት ኦክሉዥን (በአጠገቡ ባለ ነገር የተጋረደን ቦታ የሚለይ ስሌት) ጨምሩና የተከለለው ቦታ ላይ በረዶውን ቀንሱ።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ከጂኦሜትሪ ኖድ (ኖድ በብሌንደር የገጹን መልክ ለመሥራት የሚገጣጠም ሳጥን ነው) የሚወጣው ኖርማል የትዕይንቱን አቅጣጫ ይከተላል። ከቴክስቸር ኮርዲኔት ኖድ የሚወጣው ግን ዕቃውን ነው የሚከተለው። በሁለተኛው ከሠራችሁ፣ ግንዱን ስታጋድሙት በረዶው አብሮ ተጋድሞ ጎኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

እኔ ግን ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ውፍረት ነው ባይ ነኝ። መርፌ ቅጠል ባለው ዛፍ ላይ እያንዳንዷን መርፌ ነጭ ማድረግ አያዋጣም። እውነተኛው በረዶ በመርፌዎቹ መካከል ድልድይ ሠርቶ ጉብ ጉብ ይላል። ለዚህ ራሱን የቻለ ሜሽ (የስሪዲ ቅርጽ) ሥሩለት። ቅርንጫፉንም ትንሽ ጎበጥ አድርጉት፤ ሸክም አለበት።

የበረዶውን ነጭ ቀለም ደግሞ እስከ 1፣ ማለትም እስከ ሙሉ ነጭ አታድርሱት። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ ገደማ ነው የሚመልሰው። ከፊሉ ብርሃን በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ፣ ተበትኖ ስለሚወጣ ሰብሰርፌስ ስካተሪንጉን (ብርሃን ከገጹ ሥር ገብቶ እንዲበተን የሚያደርገውን ቅንብር) ትንሽ ክፈቱለት።