በቁልፍ የተጫረ መኪና፦ መስማት የሰለቹኝ ስህተቶችና እውነታው

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ብርማ ኮሮላውን ይዞ ጋራዥ መጣ። እዚህ ጅማ ሄርማታ ገበያ ዳር አቁሞ ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ፣ ከኋላ በር እስከ ፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) በቁልፍ ተስቦበት አገኘው። ሆን ተብሎ መደረጉ ያስታውቃል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ የበሩ እጀታ ጋ ሲደርስ ዝቅ ብሎ አልፎታል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ጭረቱ አይደለም። ፓራፋንጎው ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደብዝዞ አመድ መስሏል። «የጥርስ ሳሙና ቀብቼ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አሸት አሸት አደረግኩት፤ ያጠፋዋል ብለውኝ ነው» አለኝ።

«የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል»

ይህን በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። ወገኖቼ፣ ጭረት ማለት የጎደለ ቀለም ነው። ማሸት የጎደለውን አይሞላም፤ በዙሪያው የቀረውን ያወርዳል እንጂ። የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው ጀምሮ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ)፣ ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው)፣ ቀለሙ ራሱ፣ ከላይ ደግሞ ቫርኒሽ (ብርሃን የሚያሳልፈው አንጸባራቂ ሽፋን) ነው። ሁሉም ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው፤ ቫርኒሹ ብቻውን ከ40 እስከ 50። የሰው ፀጉር እንኳ 70 ያህል ይሆናል። ከፀጉር በሳሳ ነገር ላይ ነው እንግዲህ ሽቦ የሚያሳርፉት!

ፖሊሽስ? ጭረቱ ቫርኒሹ ውስጥ ከቀረ ይሠራል፤ ዙሪያውን በጥቂቱ አውርዶ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል። ከዚያ ካለፈ ቀኑን ሙሉ ብታሹትም አይወጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥልቀቱን እወቁ። ፎቶ አንሱ፣ እጠቡት፣ ጥላ ሥር አቁሙና ጭረቱ ላይ ንጹህ ውሃ አፍስሱ። ውሃው እንዳረፈበት መስመሩ ከጠፋ የተነካው ቫርኒሹ ነው። እርጥብ ሆኖም ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ከታየ ፕራይመር ደርሷል፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ላሜራው ወጥቷል። ቀጥሎ ጥፍራችሁን አሻግራችሁ ሳቡ። ጥፍር ከያዘ የቀቢ ሥራ ነው።

የኮሮላው በሮች ላይ ውሃ ሳፈስ መስመሩ ዓይኔ እያየ ጠፋ፤ ጥፍርም አልያዘም። በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ነካ አድርጌ፣ በኮምፓውንድ (ማለስለሻ ቅባት) እና በማሽን በአንድ ጠዋት ጨረስኳቸው። ፓራፋንጎው ላይ ግን ሽቦው ቫርኒሹን ጨርሶ ቀለሙን በልቶታል፤ ሙሉውን መቀባት ግድ ሆነ። ጫሪው ያላደረሰውን ጉዳት ባለቤቱ በገዛ እጁ አደረሰው። እሱ አሳዘነኝ፤ የተናደድኩት በመካሪዎቹ ነው።

«ነጭ ጋዝ ወይም ዘይት ሲቀባ ይጠፋል»

ቅባቱ ጭረቱን ሞልቶ ለጊዜው ይደብቀዋል። ሲታጠብ ይመለሳል።

«ነጭ ያው ነጭ ነው፣ ያገኘኸውን ቀባው»

ቶዮታ ላይ 040 ተራ ነጭ ነው፣ 070 ደግሞ ፐርል (እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ) ነው፤ አሠራራቸውም አይገናኝም። የቀለሙ ኮድ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም ሞተር ክፍል ውስጥ ባለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ኮዱ ቢታወቅም ፀሐይ የበላውን መኪና ቀቢው እያየ ያስማማዋል።

«ክረምቱ ይለፍና አስቀባዋለሁ»

ባምፐር ከሆነ ይቆይ፤ ፕላስቲክ አይዝግም። ላሜራ ከወጣ ግን ጅማ ውስጥ እንዴት ይጠበቃል? ዝናቡ እኮ መስከረም ከገባም አይለቅም። ዝገቱ በቀለሙ ሥር ሰርጎ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ በጣት የሚሸፈነው ሥራ ሙሉ በር ይሆናል። ገንዘብ ባይኖራችሁ እንኳ ፀሐይ በወጣበት ቀን በአልኮል ጠርጉትና በቀጭን ብሩሽ አንቲረስት አስነኩት።

«ሦስተኛ ወገን አለኝ፣ ይከፍለኛል»

አይከፍልም። በአዋጅ የተደነገገው የግዴታ ኢንሹራንስ መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ለራሳችሁ መኪና ሙሉ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ውሉ ላይ ሆን ተብሎ የሚደርስ ጉዳት መካተቱንና ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን አንብቡ።

«በጭረት ማን ይከሰሳል?»

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸትን ወንጀል ያደርገዋል፤ አቤቱታ ማቅረብ ግን የእናንተ ፋንታ ነው። ልጅ ከሆነ ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አባት ተጠያቂ ነው። ብቻ ሳታዩ የጎረቤት ልጅ ላይ ጣት አትቀስሩ።

ኮቺ ሰፈር አንድ ልጅ የጎረቤት ፒክአፕ ኮፈን ላይ በድንጋይ ስሙን ጽፎ ነበር። አባቱ «የእኔ ልጅ አያደርገውም» ብለው ድርቅ አሉ። ባለመኪናው ሳያጥብ ፎቶ አንስቶ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ ፊደሉን ከልጁ ደብተር ጋር አስተያዩት። አባትየው የቀለሙን ከፈሉ፤ ልጁንም እኔ ጋ ይዘውት መጡ። ኮፈኑን ስቀባ አጠገቤ ቆሞ እስኪደርቅ አየ።