«ተጭበረበርን!» ከማለት በፊት፦ አትሌቲክስ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ክልል አቀፍ ጨዋታዎች ሲኖሩ አትሌቲክሱ አያመልጠኝም። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ የማየው ሜዳውን ሳይሆን ደጋፊውን ነው። ዞን ከዞን ሲፎካከር አርፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። በአንድ እጅ ቆሎ፣ በሌላው ጃንጥላ፣ አፍ ደግሞ ዳኛ ላይ። በየአስር ደቂቃው «ተጭበረበርን!» የሚል አንድ ሰው ብድግ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ያጭበረበረ የለም። ሕጉን ስለማናውቀው ነው። እኔም ለዓመታት አብሬ ስጮህ ስለኖርኩ ማንንም አልወቅስም።

ባለፈው ከአጠገቤ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው 100 ሜትር ሊሮጥ ነው፣ ከወረታ ድረስ መጥተዋል። ከሳቸው ልጀምር።

«እኔ በስልኬ 11.1 ነው የያዝኩት፣ እነሱ 11.4 አሉ! ሰዓቱን ሰረቁት!»

ስልካቸውን አሳዩኝ። እውነት ነው፣ 11.1 ይላል። «ልጄ፣ ይኸው አይዋሽም» አሉኝ።

ስልኩ አልዋሸም። የዘገየው ድምፁ ነው። እኛ የተቀመጥነው መጨረሻው መስመር አጠገብ ነው። አስነሺው ደግሞ 100 ሜትር ርቆ ነው የሚተኩሰው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ስለሚጓዝ እኛ ጋ ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሽማግሌው ስልኩን የነኩት ተኩሱን ሲሰሙ ነው። ልጁ ግን ያኔ ተነስቷል። ሰዓት ያዦች በጆሮ አይሠሩም። ዓይናቸውን አስነሺው እጅ ላይ ተክለው፣ ጭሱን ወይም ብልጭታውን ሲያዩ ነው የሚጫኑት። 11.1 ላይ 0.3 ደምሩበት። 11.4።

ሌላም ነገር አለ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። 11.32 ቢሆን 11.4 ተብሎ ይመዘገባል። አንደኛ የወጣውን የሚይዙት ደግሞ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ከተስማሙ የእነሱ ይወሰዳል፣ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው። በኤሌክትሮኒክስ ሲሆን ሰዓቱን የሚያስነሳው ራሱ ሽጉጡ ነው። ሰው ግን ጭሱን አይቶ እስኪጫን ትንሽ ይዘገያል። ለዚህ ነው በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒኩ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት። «የኛ ልጅ ከአዲስ አበባው እኩል ሮጠ» ከማለት በፊት በምን እንደተያዘ መጠየቅ ነው።

«ነፋስ ገፍቶት ነው ያሸነፈው፣ ይሰረዛል»

ይቺ ባሕር ዳር ላይ በብዛት የምትሰማ ናት። ምክንያቱ ጣና ነው። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ከውኃው ቀድማ ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው ከሐይቁ ይመጣና ቦታውን ይይዛል። ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል። ባንዲራው ሲውለበለብ ሁሉም ሜትሮሎጂስት ይሆናል።

ሕጉ ግን ቀላል ነው። ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ከበለጠ ሰዓቱ ክብረ ወሰን ተብሎ አይጸድቅም። በቃ። ውጤቱ ይጸናል፣ ሜዳሊያውም አይነካም። ነፋሱ የገፋው አንዱን ብቻ አይደለም፣ ስምንቱንም ነው። ይህ የሚሠራው ለ100 እና 200 ሜትር፣ ለአጭር መሰናክል፣ ለርዝመትና ለሱሉስ ዝላይ ነው። 400 ሜትር ላይ ነፋስ አይለካም፤ ዙሩን ሲዞሩ የገፋቸው ነፋስ ተመልሶ ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል።

«ባሕር ዳር ቆላ ናት፣ እዚህ የሚሮጥ ሰው አየር አያጥረውም»

ሙቀቷ ነው የሚያታልለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወይና ደጋ። በዓለም አቀፉ አሠራር ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ የተመዘገበ ውጤት ከፍታ ቦታ ላይ የተገኘ መሆኑ ይጻፍበታል።

ከፍታ ለአጭር ርቀት ይመቻል፣ ለረዥም ርቀት ይከብዳል። አየሩ ሲሳሳ ሯጩን የሚቋቋመው ይቀንሳል፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም እንዲሁ። ይህን ለማየት እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማስታወስ ይበቃል። ከፍታው 2,240 ሜትር ነው። እዚያ አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘለለ፣ ዓለም ጉድ አለ። 10,000 ሜትሩ ግን ያለቀው በ29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነው። የጊዜው ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39 ነበር። በዚያ ሩጫ ብር የወሰደው ማሞ ወልዴ ነው፤ ማራቶኑን ደግሞ አሸነፈ። ስለዚህ እዚህ 10,000 ሜትር ሮጦ ሰዓቱ ከአውሮፓው ቢረዝም «ሰነፍ» አትበሉት።

«ስምንተኛው መስመር ላይ ያለው 50 ሜትር ቀድሞ ተነሳ!»

አዎ፣ 400 ሜትር ላይ 53 ሜትር ያህል ቀድሞ ይቆማል። የውጪው መስመር ክቡ ሰፊ ስለሆነ ነው። ሁሉም የሚሮጡት እኩል ነው። ይህን በየዓመቱ ለአንድ ሰው አስረዳለሁ፣ በየዓመቱም አዲስ ሰው ይመጣል።

«ዱላው ከወደቀ አለቀ»

ይቺ ታሳዝነኛለች፤ ደጋፊው ብቻ ሳይሆን ሯጮቹም ያምኗታል። በሴቶች 4 በ100 ዱላ ቅብብል አንዲት ልጅ ቅብብሉን ጨርሳ እየሮጠች ሳለ ዱላው ከእጇ ሾለከ። ጭንቅላቷን ይዛ ቆመች። ከዚያ እያለቀሰች ከመሙ ወጣች። ዱላው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተኝቷል። ከኋላዋ የነበረ አንድ ቡድን ቅብብል ተበላሽቶበት ውጤቱ ተሰረዘ። አንስታው ብትሮጥ ኖሮ ቢያንስ ቡድኗ ደረጃ ይኖረው ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ዱላውን የጣለው ሰው ራሱ ያነሳዋል። ለማንሳት ከመስመሩ መውጣትም ይችላል፣ ሌላ ሯጭ እስካላደናቀፈና መንገድ እስካላሳጠረ ድረስ። ሲቀባበሉ ተቀባዩ ገና በእጁ ሳያስገባው ከወደቀ ደግሞ የሚያነሳው አቀባዩ ነው። ሌላው የሚያጨቃጭቀው የመቀባበያው ክልል ነው፤ 4 በ100 ላይ 30 ሜትር ነው። እዚህ ላይ የሚታየው የዱላው ቦታ ነው። የሯጩ እግር ክልሉን ቢያልፍም ዱላው ውስጥ ሆኖ ከተያዘ ችግር የለም። ከመቀመጫ ሆነን የምናየው ግን እግሩን ነው፣ ለዚህ ነው የምንጮኸው።

«አንድ ጊዜ ቀድሞ ቢነሳ ይታለፋል»

ድሮ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አንድ ጊዜ ቀድሞ የተነሳ ወዲያው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ዩሴይን ቦልት ራሱ ከ100 ሜትር ፍጻሜ የወጣው በዚሁ ነው። ቦልት ካልታለፈ የኛ ዞን ልጅም አይታለፍም።

ስለ ውርወራና ዝላይ በጥቂቱ

ጦሩ መሬት ላይ ካልተተከለ አይቆጠርም የሚሉ አሉ። መተከል የለበትም። ጫፉ ቀድሞ መሬት ከነካ ይበቃል። ከፍታ ዝላይ ላይ ዘንጉ ቢነካ፣ ቢንቀጠቀጥም፣ እስካልወደቀ ድረስ ዝላዩ ትክክል ነው። ርዝመት ዝላይ የሚለካው ደግሞ ከዘላዩ እግር ሳይሆን ከመነሻው መስመር ነው። 20 ሳንቲሜትር ቀድሞ የተነሳ ልጅ እነዚያን 20 ሳንቲሜትሮች በነጻ ሰጠ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያየው ግን ማነው? አሎሎ ሲወረወር ሁላችንም ፊታችንን ወደ 5,000 ሜትሩ አዙረናል። «ለኛ የተፈጠረው ረዥም ርቀት ነው፣ እሱም የአርሲ ነው» ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነትነት አለው፤ በኦሊምፒክ ከ800 ሜትር በታች ሜዳሊያ የለንም። በ800ውም ቢሆን ፅጌ ዱጉማ ፓሪስ ላይ ብር እስክታመጣ ድረስ ባዶ ነበርን። ሁለተኛው ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ስፔን፣ ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ናት።

«ማጣሪያው ላይ ሦስተኛ ወጣ፣ ታሟል»

አልታመመም። ከየምድቡ የመጀመሪያዎቹ ሦስት በደረጃ ያልፋሉ ከተባለ፣ ብልህ ሯጭ ሦስተኛ ሆኖ ጉልበቱን ለፍጻሜ ያስቀምጣል። የቀሩት ቦታዎች በሰዓት ስለሚሞሉ ግን አራተኛው እስከ መጨረሻው ይታገላል። ያን አራተኛ ልጅ ነው ማየት።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው ፍጻሜ ሮጠ። ስለ ጭሱ ነግሬያቸው ስለነበር ስልካቸውን ይዘው አስነሺው ላይ አፈጠጡ። ጭሱ ቡን ሲል ተጫኑ፣ በትክክል። ልጁ ሁለተኛ ወጣ። ተነስተው «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» እያሉ ጃንጥላቸውን ያወዛውዙ ጀመር። የጎረቤቱን ሰው ቆሎ ደፉበት። ሲረጋጉ «ስንት ያዙ?» አልኳቸው።

ስልካቸውን አዩት። 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆኖ ገና ይቆጥራል።