ውርስ ትርጉም ምንድን ነው? «ፊልሙ መጽሐፉን በለጠ» ስንል የምንስተው ነገር

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር። ከጎኔ ሁለት ወጣቶች ስለ ፊልም ይከራከራሉ። አንደኛው «ጎድፋዘር እኮ መጽሐፉን አስከንድቶታል፤ ያን ሁሉ ወሬ ቆርጦ ገላገለን» አለ። ሁለተኛው ወዲያው ተቆጣ። «ግማሹን ጥሎ እንዴት ይበልጣል? ውርስ ትርጉም ማለት እኮ ያለውን እንዳለ ማስተላለፍ ነው!» ብሎ መለሰ።

ይቺን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት። አንድ የፊልም ተንታኝም አለ፤ ስሙን አልጠራም። እሱም በየአጋጣሚው ይደግማታል። ከመጽሐፉ የጎደለ ነገር ሁሉ ለእሱ ክህደት ነው። እኔ ሃያ ዓመት ያህል ልቦለድ ወደ ተውኔትና ወደ ፊልም ጽሑፍ ስመልስ ኖሬያለሁ። ዝም ማለት ከበደኝ።

ሁለቱ ወጣቶች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ መስፈሪያቸው አንድ ነው። ሁለቱም የተቆረጠውን ይቆጥራሉ። አንዱ በመቆረጡ ደስ ብሎታል፣ ሌላው አዝኗል። ውርስ ትርጉም፣ ማለትም አንድን ሥራ ከአንድ የጥበብ ዘርፍ ወደ ሌላ ማሻገር፣ ግን በተቆረጠው ልክ አይመዘንም።

ልቦለድ ምን እንደሆነ፣ ፊልም ምን እንደሆነ እዚህ አላስረዳም። ትርጉምና ውርስ ትርጉም የሚለያዩበትን ብቻ በአጭሩ ልበል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ተውኔት ኦቴሎን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ሥራቸው ትርጉም ነው። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ተውኔት ተውኔት ሆኖ ቀረ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግን ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው ፋቡላ የተባለውን ተውኔት ሲጽፉ ሌላ ነገር ሠሩ። ለንባብ የተጻፉት ተረቶች መድረክ ላይ ወጡ። አውሬዎቹም ያገራችንን ሹማምንት መሰሉ። ዘመናዊ ተውኔታችን የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው። የአገራችን መድረክ የበኩር ልጅ ውርስ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህንን የዘነጋ ሰው ነው ውርስ ሥራን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ነገር የሚያየው።

ሰውን የሚያሳስተው «ውርስ» የሚለው ቃል ራሱ ይመስለኛል። ውርስ ሲባል ቤት ከነቁልፉ፣ ላም ከነጥጃዋ ይታሰበናል። ወራሹ አንድ ነገር ሲያጎድል «የት አደረስከው?» ብለን እንጠይቃለን። እዚህ የሚወረሰው ግን ዘር ነው።

አባቴ የደምቢያ ገበሬ ነበር። አንድ ዓመት ከወገራ የገብስ ዘር አምጥቶ ዘራ። ደጋ ላይ አይቶት ልቡን የወሰደው ገብስ ነበር። እኛ ሜዳ ላይ ሲወርድ ግን ቶሎ አሸተ፤ ፍሬውም ቀጨጨ። ጎረቤቶቻችን «ምነው የሰው ዘር አበላሸህ» አሉት። አባቴ ዘሩንም መሬቱንም አልወቀሰም። ማሳው ውስጥ ገብቶ ደህና ፍሬ የያዙትን ዛላዎች አንድ በአንድ ለቀመ። ለይቶ አስቀመጣቸው። በሚቀጥለው ክረምት እነሱን ዘራ። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ሥራ ማላመድ ይሉታል። እኔ ለሙያዬ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ወገራ ልቦለድ ነው። ብርድ አለው፤ ሰብሉ ሳይቸኩል ይደርሳል። አንባቢ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ማንም አይቆጣውም። ደምቢያ ፊልም ነው። ሙቀቱ ሰብሉን ያቻኩለዋል። አንድ ገጽ የፊልም ጽሑፍ በልማድ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ገደማ ነው። ያም ገጽ አብዛኛው ባዶ ነው። ከወገራ የመጣውን ጆንያ እንዳለ እዚህ የሚዘራ ሰው ለዘሩ ታማኝ አይደለም። ዘሩን እያስቀጨጨው ነው። ታማኙ ማሳ ውስጥ ገብቶ ዛላ የሚለቅመው ነው።

ይህን በራሴ ሥራ የተማርኩበትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አጭር ልቦለድ ለመድረክ እንዳዘጋጅ ተሰጠኝ። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄዶ የቀረባት ሴት ታሪክ ነው። ደራሲው ሁለት ሙሉ ገጽ ስለ ልቧ ጽፏል። ሞቷል? ሌላ አግብቷል? ልጠብቅ? ላልቅስ? እጅግ ያማሩ ገጾች ናቸው። ግን መድረክ ላይ «አሰበች» የሚለው ቃል አይታይም። ተዋናይቷን ብቻዋን እያስወራናት ሞከርነው። ሞተብን።

ሦስት ሳምንት ከታገልን በኋላ ቃሉን ሁሉ አወጣነው። ሴትዮዋ ጠዋት ትነሣለች። ደጇን ትጠርጋለች። ቤት ትገባለች። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። በቃ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ነጠላ ሲዘቀዘቅ ሐዘን መሆኑን የጎንደር ሰው ማን ሊነግረው! አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት እናት «ወይኔ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ።

ትዕይንቱ ሲያልቅ ደራሲው መጣ። ትልቅ ሰው ነው። «ልጄ፣ ሁለቱ ገጾቼ የት ገቡ?» አለኝ። «ጋሼ፣ ነጠላዋ ላይ አሉ» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም። አንዲት ሴት ባሏን በልቧ የቀበረችበት ቅጽበት ከዘሩ ውስጥ ነበር። እኔ ሌላ መሬት ላይ እንዲያፈራ ብቻ ነው ያደረግኩት።

ሳልጠየቅ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ዘዴ የሚሠራው ምልክቱን ለሚያውቅ ተመልካች ነው። ያንን ትዕይንት ባሕር ማዶ ብንወስደው ሴትዮዋ ብርድ ልብስ የደረበች ነው የምትመስለው። ስለዚህ ውርስ ሥራ ሲመዘን ለማን እንደተሠራ አብሮ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ጎድፋዘር ልመለስ። የማሪዮ ፑዞ ልቦለድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ፊልም በ1972። ተንታኛችን «ኮፖላ ደራሲውን ካደው» ሲል አንድ ነገር ይረሳል። የፊልሙን ጽሑፍ ኮፖላ የጻፈው ከራሱ ከፑዞ ጋር ነው። ለዚያ ጽሑፍ ኦስካር የተሸለሙትም ሁለቱ ናቸው። ቆራጩ እኮ የዘሩ ባለቤት ነው! ኮፖላ የመጽሐፉን ገጾች ገንጥሎ ትልልቅ ወረቀት ላይ ለጠፈ፤ በየዳሩም ማስታወሻ ጻፈ። እኔ ይህን ሳስብ አባቴ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይታየኛል።

ስለ ዘፋኙ ጆኒ ፎንቴን መጽሐፉ ውስጥ ረጅም ታሪክ አለ። ፊልሙ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሆነ። የማፊያው አለቃ የዶን ቪቶ ኮርሊዮኔ የወጣትነት ታሪክ ጭራሽ ወጣ። ግን አልተጣለም፤ በ1974 የሁለተኛው ፊልም ግማሽ አካል ሆኖ በቀለ። አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ዘንድሮ ያልዘራውን ዘር ጎተራ ያኖረዋል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የተቆረጠው አይደለም። መጀመሪያውና መጨረሻው ነው። መጽሐፉ ፍርድ ቤት ይጀምራል። ቦናሴራ የሚባል አባት ልጁን የደበደቡት ጎረምሶች ቅጣታቸው ታግዶ ሲለቀቁ ያያል። ፊልሙ ፍርድ ቤቱን አያሳይም። ጨለማ ክፍል ውስጥ የቦናሴራን ፊት ብቻ ያሳያል፤ እሱ ራሱ ይተርከዋል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚሰማው ሰው ትከሻና እጅ ይታያል። ዶን ኮርሊዮኔን ከማየታችን በፊት ፈራነው። «ፊልም ማሳየት እንጂ መናገር የለበትም» የሚሉ ሰዎች ይቺን ደጋግመው ይዩልኝ። እዚህ መናገሩ በለጠ። ምክንያቱም ልመናውን ነው ያየነው።

መጨረሻው ላይ ደግሞ የዶኑ ልጅ የሆነው የማይክል ሚስት ኬይ አለች። መጽሐፉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለባሏ ነፍስ ትጸልያለች። ፊልሙ ውስጥ በር ይዘጋባታል። የተዘጋው በር የፊልሙ ነጠላ ነው።

ሌላው ጆስ ነው፤ የሻርኩ ፊልም። የፒተር ቤንችሊ ልቦለድ በ1974 ወጣ፣ የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም በ1975። መጽሐፉ ውስጥ የፖሊስ አዛዡ ሚስት ከሻርክ አጥኚው ጋር ትማግጣለች። ከንቲባው ደግሞ ከማፊያ ጋር የተነካካ ነው። ፊልሙ ሁለቱንም አወጣ፤ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጀልባና አንድ ፍርሃት ቀረ። ከዚያ ለሻርክነት የተሠራው ማሽን የባሕር ጨው እየገባበት ይበላሽ ጀመር። ስፒልበርግ ሻርኩን ማሳየት ሲቸግረው ቢጫ በርሜሎችንና የጆን ዊሊያምስን ሙዚቃ አሳየን፣ አሰማን። አውሬው ሳይታይ አስፈራ። መሬቱ ራሱ አስገደደው፤ እሱም መሬቱን ሰማ። እዚህ ላይ «በለጠ» የሚለውን ቃል ያለ ፍርሃት እናገራለሁ።

ለምንድን ነው እነዚህ መብለጥ የቻሉት? መጻሕፍቱ መጥፎ ስለነበሩ አይደለም። ታሪካቸው ጠንካራ ነው፤ ዋና ጉልበታቸው ግን ቋንቋቸው ውስጥ አልነበረም። ሲሻገሩ የሚፈሰው ጥቂት ነው። ጉልበቱ ቋንቋው ውስጥ የሆነ መጽሐፍ ግን ሲሻገር ብዙ ይፈስበታል። ፍቅር እስከ መቃብርን አስቡት። የሐዲስ ዓለማየሁ ተራኪ እየሳቀም እያዘነም ሰውን የሚያይበት ዓይን ነው መጽሐፉ። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ካሜራ ፊት ማቆም ይቻላል። ያን ድምፅ ግን ማን ያቆመዋል?

«ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ከመጽሐፉ በለጠ» የሚሉኝ አሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔም ያንን ድምፅ እወደዋለሁ። ግን ትረካ ውርስ ትርጉም አይደለም። ወጋየሁ የደራሲውን ቃል ነው ያነበበው። እዚያ የበለጠ ነገር ካለ የበለጠው አንባቢው ነው።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር ቀርቷል። ሰሞኑን የውጭ ፊልም ከትዕይንት እስከ ንግግር ገልብጦ፣ ስሞቹን አበበና አልማዝ አድርጎ፣ ሲጠየቅ «ውርስ ትርጉም ነው» የሚል በዝቷል። አይደለም። ዘር ከጎረቤት ተለምኖ ይወሰዳል፤ በሌሊት ከጎተራ አይዘገንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማላመድን መብት ለደራሲው ሰጥቷል። ጥበቃው ደራሲው ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ውርስ ሥራ የሚጀመረው ባለቤቱን ወይም ወራሾቹን በማስፈቀድ ነው። ጀማሪዎች፣ እባካችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ፊልሙ ገንዘብ ሲያመጣ ይረሳል።

ፒያሳ ላይ ያልመለስኩትን ልመልስ። ጎድፋዘር መጽሐፉን በልጧል ወይ? አዎ፣ በእኔ ሚዛን በልጧል። የበለጠው ግን ስላሳጠረ አይደለም፤ በሩን ስላገኘ ነው።

ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን ላይ ግን አመነታለሁ። ብዙ ሰው ያለ ጥርጥር «በለጠ» ይለዋል። ከስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. የ1982 አጭር ልቦለድ ተነሥቶ ፍራንክ ዳራቦንት በ1994 ያወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ እዚህ መቁረጥ ብቻ ሳይሆን ጨመረ። እስረኛው አንዲ የእስር ቤቱን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ለእስረኞቹ ሁሉ የሞዛርትን ኦፔራ የሚያሰማበት ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። ግን ከዚያው ዘር የበቀለ ነው፤ መጽሐፉም እኮ ስለማይታሰር ነገር ነው። የእስር ጓደኛውን የሬድን ትረካ ደግሞ በሞርጋን ፍሪማን ድምፅ ጠበቀው። እስከዚህ ድረስ ከፊልሙ ጋር ነኝ።

መጨረሻው ላይ እንለያያለን። መጽሐፉ የሚያልቀው ሬድ ወደ ጓደኛው ጉዞ ሲነሣ ነው። ድንበሩን ይሻገር፣ ጓደኛውን ያግኝ አናውቅም። ተስፋ ብቻ ያደርጋል፤ እኛም አብረነው ተስፋ እናደርጋለን። ፊልሙ ባሕሩን አሳየን፤ ሁለቱን አገናኛቸው። ሲኒማ ውስጥ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ስከፍት ግን ባሕሩን ባላየሁት እመርጣለሁ።