ስዊንግ ምንድን ነው?

ስዊንግ ማለት ፍላዩን፣ ማለትም መንጠቆ ላይ በላባና በጸጉር የታሰረውን የዓሣ ማታለያ፣ ወንዙ ራሱ ከማዶ ወደ ወዲህ እንዲያሻግረው መተው ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ ከኦሊምፐስ ተራራ የበረዶ ግግር ተነሥቶ በዝናብ ደን ውስጥ ወደ ፓስፊክ በሚወርደው ሆ ወንዝ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ስቲልሄድ የሚጠመድበት አንዱ ስልት ይህ ነው።

ስቲልሄድ ባሕር ወርዶ፣ ገዝፎ የተመለሰ ሬይንቦ ትራውት ነው። ባሌ ወንዞች ውስጥ ያለው ሬይንቦም ዘሩ ያው ነው፤ ባሕር አላየም እንጂ። የክረምቱ ስቲልሄድ እንቁላል ሊጥል ሲመለስ መብላቱን ስለሚቀንስ በምግብ ከመደለል ፊቱ እያለፉ ማስቆጣት ይቀላል።

ዘንጉ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ 4 ሜትር ገደማ ነው። ከወፍራሙ ክር ጫፍ 3 ሜትር ያህል የሚሰጥም ክር፣ ከዚያ 1 ሜትር ቀጭን ክር፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ፍላይ ይታሰራል። ቀጭኑ ክር ከረዘመ ሰማጩ ወደ ታች ሲወርድ ፍላዩ ከላይ ይቀራል።

የሚፈለገው ውሃ በሰው እርምጃ ፍጥነት የሚሄድ፣ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚጠልቅ ነው። መሪው፣ ማለትም አጥማጁን የሚያጅበው ባለሙያ፣ በጀልባ እየቀዘፈ እዚያ ያደርሳል፤ የሚጠመደው ግን ወርዶ፣ በእግር ቆሞ ነው። ጀማሪ ወዲያው እስከ ወገቡ ይገባል፤ ዓሣው ብዙ ጊዜ የተኛው ደግሞ እሱ ረግጦ ያለፈበት ቦታ ነው። ጉልበት ድረስ ይበቃል።

ወደ ማዶና ወደ ታች፣ 45 ዲግሪ ገደማ ይወረወራል። ወዲያው ክሩን በዘንጉ አንሥቶ ወንዙ ወደሚመጣበት መገልበጥ ያስፈልጋል። ካልተገለበጠ ክሩ እንደ ቀስት ይጎብጥና ፍላዩን ያስሮጠዋል፤ የሮጠ ፍላይ ደግሞ አይሰጥምም፣ አይነከስምም። ውሃው ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ ዓሣው ርቆ ስለማይከተል ይበልጥ ወደ ታች ወርውሮ ማዝገም ነው። ፍላዩ ዳር ደርሶ ሲቆም ጥቂት መጠበቅ፣ ክሩን መሰብሰብ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ታች፣ እንደገና። ሰማጩ በየውርወራው ድንጋይ የሚይዝ ከሆነ መሪው በቀለል ያለ ይቀይረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ንክሻው ነው። ክሩ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርግ እጅ ሳያስቡት ዘንጉን ብድግ ያደርጋል፤ ዓሣው ከታች፣ ክሩ ቀጥ ብሎ ስለሆነ ፍላዩ ከአፉ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ያህል ክር ላልቶ በጣት ሥር ይያዛል። ዓሣው እሱን ጎትቶ፣ ዞሮ፣ ክብደቱ እስኪሰማ ምንም አይደረግም። ያኔ መንጠቆው የአፉ ጥግ ላይ ይገባል፤ ዘንጉ ወደ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ወደ ዳር ይሳባል።

ከጅራቱ በላይ፣ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ በማራቢያ ባደገ ዓሣ ላይ ትቆረጣለች፤ ካልተቆረጠች ዓሣው የዱር ነው። በሆ ላይ እንዲህ ያለው በሕግ መለቀቅ አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣትም አይፈቀድም፣ ለፎቶም ቢሆን። መረቡ ውስጥ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ፣ በራሱ ጉልበት እስኪሄድ መያዝ ነው።