ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ፦ ጉልላቱና በሬዎቹ

ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በ1377 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ፣ ጣሊያን ተወለደ። የተማረው ወርቅ አንጥረኛነት ነበር። በ1401 የከተማዋን የመጠመቂያ ቤት የነሐስ በር ለመሥራት ተወዳድሮ በሎሬንዞ ጊቤርቲ ተሸነፈ። ሽንፈቱ ሳይበጀው አልቀረም፤ ፊቱን ወደ ግንባታ አዞረ።

የከተማዋ ካቴድራል ያኔ አናቱ ክፍት ነበር። ባለስምንት ማዕዘኑ ክፍተት 45 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከታች በእንጨት እየደገፉ ልገንባው ቢሉ የሚበቃ እንጨት ከየት ይመጣል? ብሩኔሌስኪ ያለ ድጋፍ ሊሠራው ተነሣ። ሥራው በ1420 ተጀመረ። ጉልላቱ ድርብ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያቅፈዋል። ከ4 ሚሊዮን በላይ ጡብ በልቷል። በተኙት ጡቦች መሃል አልፎ አልፎ የቆሙ ጡቦች ይገባሉ፣ ልክ እንደ ዓሣ አጥንት። ኖራው እስኪደርቅ ረድፉ እንዳይንሸራተት ቆንጥጠው የሚይዙት እነሱ ናቸው።

እኔን ከጉልላቱ በላይ የሚገርመኝ ማንሻው ነው። በሬዎች ዘንግ እየዞሩ ድንጋዩን ወደ ላይ ይስባሉ። ገመዱ መውረድ ሲኖርበትስ? በሬ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ፈትቶ አዙሮ መጥመድ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ብሩኔሌስኪ ዘንጉ ላይ ሁለት ባለጥርስ ጎማዎች ገጠመ። ዘንጉን በብሎን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት አንዱ ይለቃል፣ ሌላው የገመዱን መጠቅለያ ነክሶ በተቃራኒው ያዞረዋል። በሬዎቹ እንደነበሩ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ገመዱ ይወርዳል። በቃ፣ የኋላ ማርሽ ማለት ነው።

ሁሉ ነገር ግን አልሰመረለትም። በ1421 ለዕቃ ማጓጓዣ ጀልባው ከከተማዋ የ3 ዓመት የፈጠራ መብት አገኘ። በታሪክ ከሚታወቁት ቀደምት መብቶች አንዱ ነው። ጀልባው ከነእብነ በረዱ አርኖ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። በ1434 ደግሞ የግንበኞች ማኅበር መዋጮ አልከፈልክም ብሎ አሳሰረው። ጉልላቱ እየተሠራ ዋናው ሰው እስር ቤት!

ጉልላቱ በ1436 ተጠናቀቀ። ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ሲገቡ ገና 5 ዓመቱ ነበር። ከሩቅ ሳያዩት አይቀሩም። ጫፉ ላይ የምትቆመው የእብነ በረድ ማማ ግን ያኔ አልነበረችም።

ብሩኔሌስኪ በ1446፣ ማማዋ ሳታልቅ፣ ሞተ። ካቴድራሉ ውስጥ ተቀበረ። የማሽኖቹን ንድፍ ራሱ አልተወልንም። በ1471 የቀራጺው የቬሮኪዮ የሥራ ቤት የመዳቡን ኳስ ማማዋ ላይ ሲሰቅል፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሚባል ወጣት እዚያ ይሠራ ነበር። እነዚያን ማንሻዎች ደብተሩ ላይ ሣላቸው። ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ የሊዮናርዶ ፈጠራ መስለውት ኖረዋል።